ቴሌቪዥኑ ከቤት የወጣ ሰሞን

ኅዳር 6፣ 2007 ዓ.ም፣ ቅዳሜ

ዛሬም ጎመን ከሱቅ። ይህን የሚያህል ጓሮ እያለን! ባሌ ይማም ከግንበኝነቱ ደክሞ ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ይዘረጋል። እኔም አብሬ ተገትሬ፣ ቋንቋውን የማልሰማው የዓረብ ድራማ። ሐያት አንድ ዓይኗ እሱ ላይ፣ አንዱ ስልኳ ላይ። አስረኛን ጨርሳ ነጥብ ካልመጣላት ወዲህ ልጄ የምታወራው ከስልኳ ጋር ነው። ጅዳ ያለች ጓደኛዋ ፎቶ ትልክላታለች፤ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ የወርቅ አምባር። ወለሉን ማን እንደሚፈትገው ፎቶው አይናገርም።

የሚደውል ሰውዬም አለ። ወደ ውጭ ወጥታ ነው የምታነሳው። የጓደኛዬ ወንድም ነው አለችኝ። ሆዴ አልወደደውም። ላንቺ ነው የምነግርሽ ደብተሬ፣ ይማም ከሰማ ቤቱን ይገለብጠዋል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

አደረግኩት! ቴሌቪዥኑን፣ ዲሹን፣ የሐያትን ስልክ ጠቅልዬ ደሴ። ሰኞ ገበያ ሰው እንደ ጉድ። ሸጥኩ፣ ተገላገልኩ። በምትኩ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና፣ ስድስት ዶሮ፣ የሰላጣና የቀይ ሥር ዘር። ለመደወል ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ስልክ ትበቃናለች፣ እሷም ይማም ኪስ። ከእንግዲህ የምንበላው ከጓሯችን፣ የምንለብሰው ከእጃችን።

ሐያት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ወላሂ፣ እንዲህም መኖር አለ! ሰላጣው በቀለ። ዶሮዎቹ እንቁላል ጣሉ። ይማም ራት ላይ የልጅነቱን ያወራል፤ ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ያልሰማሁትን። የሐያት እጅ ለስፌት የተባረከ ነው። የትራስ ልብስ እየሰፋች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ገበያ ትወስዳለች። የሸጥሽውን ላንቺ ያዢው አልኳት፣ ራስሽን ቻይ።

አንድ ነገር ብቻ። ትናንት ጎረቤቴ ዘሀራ መጥታ፣ ልጅሽ ገበያ ዳር ከአንድ ሰውዬ ጋር ቆማ ስታወራ አየኋት አለችኝ። የባጃጅ ሾፌር ይሆናል ብዬ አሳፈርኳት። ሐሜተኛ! ግን ከዚያ ወዲህ የበላሁት አልጣፈጠኝም።

ኅዳር 28፣ እሑድ

ሐያት የቤቱን ልብስ ሁሉ አጠበች። ጄሪካኑን ሁሉ ሞላች። ማን አዘዛት? ጥቁር ረጅም ቀሚስ እየሰፋች ነው፣ በራሷ ልክ። ለማን ስላት ትእዛዝ ነው አለች።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

አልሐምዱሊላህ! ከዐስር ሶላት በኋላ መጥታ ጉልበቴን ሳመች። «እማ፣ አውፍ በይኝ፣ ላስቀየምኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ» አለች። የስልኩ ኩርፊያ በቃ፣ ልጄ ተመለሰችልኝ። አውፍ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልሽ አልኳት፣ አለቀስኩ። አባቷንም አውፍ በለኝ አለችው። ዘሀራ ቤት ድረስ ሄዳ፣ እሷንም!

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

የለችም።

ለሱብሂ ሶላት ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል። ስፌት መኪናው ላይ ወረቀት፤ ራሴን ልችል ነው፣ ስደርስ በአባ ስልክ እደውላለሁ፣ አትፈልጉኝ።

ዘሀራ እየሮጠች መጣች። አሁን ነው የገባኝ ትላለች፤ ሰው አውፍ በሉኝ እያለ ቤት ለቤት የሚዞረው ለሐጅ ሲነሳ ነው፣ ወይ መመለሱ ወደማይታወቅ መንገድ ሲወጣ። ይህን እኔ ወሎ ተወልጄ አላውቅም? የራሴን እናት ለሐጅ ስሸኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደስታ አሳወረኝ። መርቄ ሸኘኋት፣ በገዛ አፌ!

ይማም መናኸሪያ ሄዶ ጠየቀ። ጎህ ሳይቀድ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴት ልጅ ወደ ባቲ ተጭኗል። ከዚያ የአፋር በረሃ፣ በእግር፣ እስከ ባሕሩ። ባለፈው ዓመት ከዚያ የተረፈችው የሰፈራችን ልጅ ነግራናለች፤ የወደቀውን ማንም ዞሮ አያይም። ያን ደላላ፣ ይደውልላት የነበረውን ሰውዬ፣ ማን ብዬ ልፈልገው? ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ነበር። ስልኩን ሸጥኩት። ጅዳ ያለችው ልጅም እዚያው ውስጥ ነበረች።

ገበያ የላክኋት እኔ። ገንዘቡን ያዢው ያልኳት እኔ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መናኸሪያ

ወሰንኩ። ይማም ቤት ይቀመጥ፣ ከደወለች ስልኩን የሚያነሳ ያስፈልጋል። ባቲ የምሄደው እኔ ነኝ። ሴት ሆነሽ ብቻሽን? አለ። ልጄም ሴት ናት፣ ብቻዋን ናት አልኩት። የመኪናውን ብር ቆጥሮ ሰጠኝ።

የማሳየው ፎቶ ፈለግኩ። የለም። የሁለት ሦስት ዓመቱ ፎቶዋ ሁሉ ከስልኩ ጋር ሄዷል። ከስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ጉርድ ፎቶ ላጥኩ፤ ጉንጫም ሕፃን። ማን በዚህ ይለያታል? ያየ ሰው እንዲያውቃት ልጻፈው። ጠይም፣ ቀጭን። በቁመት ትበልጠኛለች። ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ። የለበሰችው፣ እንጃ። ሰማያዊው ቀሚስ ቤት ነው፣ ጥቁሩ የለም፣ እንግዲያው የለበሰችው እሱን ነው፣ ትእዛዝ ነው ያለችኝን። የባቲው መኪና ተጠራ፣ ልሳፈር።