በሌንስዎ ውስጥ ያገኘሁት ሻጋታ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም እየረገሙት ነው የሚወጡት? የእማዬስ የደም ግፊት ወረደላት? ጨው ቀንሺ የተባለችውን ሰምታ ነው ወይስ ሐኪሙን እያታለለች? ይህን የምታነብልዎት ሚጡስ ደህና ናት? እየዘለለች እንዳታነብ ይቆጣጠሯት፤ ልማዷን አውቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ሳል ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል።

የላኩልኝ ዕቃ በደህና ደርሷል። እማዬ በሦስት ፎጣ ጠቅልላ በላስቲክ ተብትባው ፈትቼ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ካሜራዎ ከነሌንሱ ከዚያ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣ ግን ሳቄ ቆመ። «ዓይኔ ከከዳኝ ምን ያደርግልኛል፣ አንቺ መደርደሪያሽ ላይ አስቀምጪው» ብለው ያስጻፉትን ቁራጭ ወረቀት ደጋግሜ አነበብኩት። ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው፣ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ የሰርግ ፎቶ ጭጋግ ለብሶ ወጣ ብሎ በሩን ዘግቶ ቤት መዋሉ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። ልብስ ሰፊው ቢቆጣ ይሻልዎት ነበር፤ ዝም ማለቱ ነው የጎዳዎት። የዓይን ሐኪሙ ለዕድሜዎ ጥሩ ያያሉ ሲልዎት እንኳ ሊያጽናናኝ ነው ብለው አላመኑትም። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣውንም ደብዳቤውንም ሌላ ሰው ነው የሚያነብልዎት።

እንዳዘዙኝ መደርደሪያ ላይ ላኖረው ነበር። ግን የሥራ ነገር ሆኖ እጄ ሌንስ ካየ አያርፍም፤ በማግስቱ ካሜራ ወደምንጠግንበት ዎርክሾፕ ይዤው ሄድኩ። የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት መብራት፣ ብሎን የሞላባቸው የመድኃኒት ብልቃጦች፣ ሌላ ምንም የለውም። አለቃዬ ሲቆጡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌንሱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ የእጅ ባትሪ በጎን አበሩበትና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ነይ እዪ አሉኝ። በመስታወቶቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር ከዳር ተነሥቶ ወደ መሃል ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው፣ አባባ። እርጥበት ገብቶ መውጫ ካጣ መስታወት ላይም ይበቅላል። እርስዎ የፊቱን መስታወት በየጠዋቱ ሲወለውሉ እሱ ከውስጥ ተደላድሎ ይኖር ነበር። በካሜራው መስኮት የሚያዩትም በዚያው ሌንስ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ጭጋጉ የዓይንዎ ቢመስልዎት አይፈረድብዎትም።

አለቃዬ ራስሽ ፍቺው አሉኝ። የፊቱ ቀለበት ዝጎ እምቢ ቢለኝ ዘይት ጠብ አድርጌ አሳደርኩት። መስታወቶቹን የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደነበር በእርሳስ እየመዘገብኩ አንድ በአንድ አወጣሁና አልኮል በነካ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ትንፋሼን ሁሉ ነበር የምቆጥበው። በአንደኛው ጥግ ሻጋታው መስታወቱ የተቀባውን ስስ ልባስ በልቶ ጠባሳ ትቶበታል። እሱ አይድንም፣ ፎቶ ላይ ግን አይታይም። ሌላው ሁሉ ጠርቷል።

ሚጡዬ፣ እስከዚህ ያነበብሽው ይበቃል። ቀጣዩን ገጽ ለአባባ በእጃቸው ስጪና ውጪ። አባባ፣ መነጽርዎን ያድርጉና ወደ መስኮቱ ቀረብ ይበሉ። ፊደሌን ሆን ብዬ አላተለቅኩትም።

የታላቅ እህቴ ሰርግ ዕለት ዝናብ እንደወረደብን ያስታውሳሉ። ካሜራው በስብሶ ነበር። እርስዎ ጉልበትዎ አብጦ ሊተኙ ሲገቡ ጠርገሽ፣ ከማኅደሩ አውጥተሽ አየር ላይ አሳድሪው ብለው አደራ ሰጡኝ። እኔ ጭፈራው እንዳያልፈኝ ብዬ እንደ ረጠበ ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩት፣ ሳጥን ቆለፍኩበት፣ ረሳሁት። ከአልጋ እስኪነሡ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ታፍኖ ከረመ። ሲነሡ «አየር አገኘ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባባ» አልኩዎት። ዓይን ያወጣ ውሸት። ማኅደሩ መሽተቱን አውቅ ነበር፤ ደብቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ዓመት ሳይሞላ ፎቶዎቹ ሲበላሹና እርስዎ ዓይኔ ነው ብለው ሲያዝኑ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ እንጂ ከዚያ ጋር አላያያዝኩትም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ግን ካቻቢቴ አስፈለገው። አለቃዬ ይሄ እርጥብ እያለ የተቆለፈበት ነው ሲሉ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በስልክ ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ጠባይ አውርቼ ዘጋሁ። ፎቶ ቤትዎን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።

ካሜራውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼዋለሁ። ማኅደሩን ጥዬዋለሁ፣ አይፈልጉት። ካሜራውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣውን፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብረው ይክተቱበት። በሳምንት አንዴ አውጥተው ብርሃን ያሳዩት። ፊልም አስገብቼበታለሁ። የመጀመሪያዋን እማዬን በር ላይ አቁመው ያንሡልኝ፤ ሳልዘጋጅ ብላ ብትቆጣም አይስሟት።

እማዬን ግራ ቀኝ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴንና ባሏን ሰላም ይበሉልኝ፤ በሰርጋቸው ቀን ያደረግኩትን ቢነግሯቸውም አልቀየምም። ልብስ ሰፊውንም ሰላም ይበሉልኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር ሳይደብቁ ይንገሩት። ሚጡ በር ሥር ቆማ እየጠበቀች ነውና አሁን ግቢ ይበሏት።

ደግሞም ልብ ይበሉ፣ አባባ፤ ይህን ገጽ ማንም አላነበበልዎትም።

ልጅዎ
ከዎርክሾፑ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር 17 ቀን