አሲድና በረኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ማታ 1 ሰዓት

ደብተር፣ እኔ ነኝ። የፋብሪካው ኮሪደር ታጥቧል፣ መስታወት ሆኗል። ከእኔ ሌላ ማን ያጸዳዋል! የማታ ት/ቤት ከጨረስኩ ወዲህ ቃሊቲ ውስጥ ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። የታክሲውን ታፔላ ሳይቀር ለረዳቱ አነብለታለሁ።

ልጄ ሰላም 9ኛ ክ/ል ናት። ኬሚስትሪ ታጠናለች። የሚቀላቀሉትን ግራ በኩል ትጽፋለች፣ ቀኙን በእጇ ትሸፍናለች፣ ምን እንደሚወጣ ገምት ትለኛለች። አሲድና ቤዝ፦ ጨውና ውሃ። ሦስቴ ጠየቀች፣ ሦስቴ መለስኩ። በረኪናም ቤዝ ነው አለች። በቃ ኬሚስትሪ ጨረስኩ አልኳት። ገና አንዱን ነው አባዬ፣ አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ማታ 12፡30

ፊደሌ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

የታችኛው መጸዳጃ ወለል ዝገት ይዟል። አሲድ ደፋሁበት። አለቅም አለ። በረኪና ጨመርኩ። ጨውና ውሃ አይደል የሚወጣው? ሁለቱን ድሬያቸዋለሁ ብዬ ለጥበቃው ቀለድኩ። በሩን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

እትዬ ዘምዘም ገቡ። አብረውኝ የሚያጸዱት፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑት። እየዳሁ ወጡ። ሳል፣ እንባ፣ ከኋላቸው የሚያፍን ሽታ። ጤና ጣቢያ ተወሰዱ።

አለቃው ጠርሙሶቹን አየ። ማንበብ የማይችል ሰው ትርፉ ይሄ ነው አለ። እትዬ ዘምዘም የሚፈርሙት በጣታቸው ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። ምነው ፊደል በቆጠሩ አልኩ። ሳቅሁም። ደብተር፣ ሳቅሁ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፤ ጠዋት 12 ሰዓት

ባዶውን የበረኪና ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ። የላዩን ትልቅ ጽሑፍ ለሰው ሁሉ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። የታቹን ደቃቅ፣ ስለሚያዘገየኝ፣ ሁሌ እዘለዋለሁ። ዛሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ከአሲድ ጋር እንዳይቀላቀል።

ሰላምን ጠየቅኳት፣ የሌላ ሰው ወሬ አስመስዬ። በረኪና ውስጥ ሌላም ነገር አለ፣ አሲድ ሲነካው ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል አለች። ማን ቀላቀለው? አንዲት ያልተማሩ ሴትዮ፣ አልኳት። አሳዘኗት። «ምነው፣ የሚያነብላቸው ሰው አጡ?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ከሰዓት 11

ብርቱካን ይዤ እትዬ ዘምዘም ቤት ሄድኩ። ድምጻቸው ተዘግቷል። እኔ መሆኔን አያውቁም። ከሥራ ሊያሰናብቷቸው ነው፤ ነገ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ወረቀት ተልኮላቸዋል። አንብብልኝ ልጄ፣ አንተ እኮ የኛ ምሁር ነህ፣ አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «በራሳቸው ጥፋት» የሚለው ጋ ስደርስ ዘለልኩት።

መረቁኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ ጠዋት 12 ሰዓት

ለሰላም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ።

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፣ አራተኛው ሆነ። ለአለቃው ነው። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ዘምዘም አይደሉም ይላል። ፊርማዬ ከነሙሉ ስሜ። መጀመሪያ ግን እሳቸው ቤት፤ ጣታቸውን ሳያሳርፉ፣ ትናንት የዘለልኩትን አነብላቸዋለሁ። ደብዳቤዬንም። ምን እንደሚወጣ፣ እንጃ።

ሰላም በሩ ላይ ቆማለች። አብሬህ እሄዳለሁ ትላለች። አይሆንም ልላት ነበር፣ ግን ጫማዋን አድርጋለች።