ስላልተፈጸመ ወንጀል ለተደረገልን መከላከል የቀረበ ምስጋና

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለተከበሩ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጣትዎን፣ በተለይ ቃታ የምትስበዋን፣ አላህ ከቁርጥማት ይጠብቅልዎ።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን «ወንጀል መከላከል» ብዬ ስጽፍ፣ ዘብ ማቆም ወይም የተጣሉትን ማስታረቅ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ስላረሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ዕድሜዬ ገፍቷልና ያልገባኝን እንዲያስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

1ኛ. ልጄ የሱፍ የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ጠሪ ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ የኔነሽ አርፈው፣ ማለዳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም በር እያንኳኳ ለቀብር ሲጠራ፣ ጓዶችዎ ለሕቡዕ ስብሰባ የሚጠራ መስሏቸው ተኮሱበት። አንደኛው ጥይት ጉልበቱን ሰበረው። ሁለተኛው፣ እየዳኸ ሌላዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ወርቅነሽ ደጃፍ ሲደርስ፣ መንጋጋውን ይዞት ሄደ። ሬሳ ሊቀብር የወጣ ሰው ምን ሊያጠፋ ኖሯል?

2ኛ. ደረቱ ላይ «ወንጀል ሳይፈጽም የተከላከልነው» የሚል ካርቶን በሽቦ ሰፍተው እስኪመሽ አስፋልት ላይ አሰጡት። ጽሑፉ አንድም የፊደል ግድፈት ስላልነበረው እንደ ጸሐፊ አድንቄያለሁ። እንደ አባት ግን ዝንቡን እሽ ልበልለት ብዬ ብጠጋ በሰደፍ መለሱኝ።

3ኛ. ታናሹ በሺር መርዶውን ሰምቶ ከኮምቦልቻ መጣ፤ ደም ይመልሳል ተብሎ ከወንድሙ መቃብር ላይ ተይዞ እዚሁ ቀበሌ ታሰረ። ጓዶችዎ በቀሉን ከሆዱ ለማውጣት ውስጥ እግሩን ሲገርፉት ጩኸቱ እቤቴ ድረስ ይሰማኛል። የቅሬው ሽማግሌዎች፣ ሼሁም ቄሱም፣ ዋስ ሊሆኑት ስለተስማሙ ይፍቱልኝ። የቀረኝ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ገና ያላጠፋሁትን ጥፋት ሁሉ ከወዲሁ አምኜ፣ የሚወስዱብኝን እርምጃ በአክብሮት የምጠባበቅ፣

ኑርሁሴን እንድሪስ

ግልባጭ፦ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ተጨማሪ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ለበሺር ምሳ ወስጄ ነበር። ዘበኛዎ ሳህኑን እንደሞላ መልሶ፣ ከእንግዲህ እንዳልደክም መከረኝ። ስለዚህ ይፈታልኝ ያልኩትን ሰርዣለሁ፤ አስከሬኑን ብቻ ይስጡኝ። ደግሞም ይህን ይወቁልኝ፤ እስከዛሬ እጄን ሰብስቤ የተቀመጥኩት እሱን እንዳይገድሉብኝ ፈርቼ ነበር።