በሰሌን ስለሸፈንሁት የፀሐይ ሰሌዳ

በአላህ ስም። ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ እኔ ዘሀራ ይመር፣ በሐይቅ ከተማ በገዛ ቤቴ፣ እግሬ ቢከዳኝም ልቦናዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ መሪጌታ አስረስ ናቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። ቢሆንም በስተርጅና መሠረተ ትምህርት የገባሁት ሰው የሚጽፍብኝን ለማወቅ ነውና፣ እያንዳንዱን መስመር ራሴ ሳላነብ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። መሪጌታ «እመት ዘሀራ፣ በዚህ አካሄድ ሳንጨርስ ይመሻል» ብለዋል። ይምሽ።

ላሚቱ፣ የቤት ዕቃውና የብር አምባሬ በሸሪዓው መሠረት ለልጆቼ ለሀምዱና ለኑርሀያት ይከፋፈል። ኑርሀያት አምባሩን አስቀድማ ሞክራዋለች። የአምባሩን ሳጥን ቁልፍ መልሳ የሰቀለችው በሌላ ሚስማር ላይ ነው።

ጣሪያዬ ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ ከነባትሪውና ከነአምፖሎቹ ለብቻው ይነገር። የእርዳታ ጣቢያው ሲዘጋ፣ ልብስ አጥብላቸው የነበሩት ፈረንጆች ማኅተም ባለው ወረቀት የሰጡኝ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የወንድሜ ልጅ ጠሃ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛው፣ መጥቶ «አክስቴ፣ ከመስመራችን ጋር ላገናኝልሽ። ቀን የተረፈሽ ወደ እኛ ይሄዳል፣ ማታ ከእኛ ትወስጃለሽ። ቆጣሪው ራሱ ወደ ኋላ እየዞረ ያስብልሻል» አለኝ። ትርፍ ቤት ብለው ሁለቱን ክፍሎቼን የወሰዱብኝ ሰዎችም ያን ጊዜ በለሰለሰ አፍ ነበር የተናገሩት። ወደ ኋላ የዞረ ነገር ግን አላየሁም። «ውጣልኝ» አልሁት።

ጠሃ እንደ ክፍሎቼ የሚወርስ መዝጋቢ ይልክብኛል ብዬ በማግሥቱ ሰሌዳውን እንዳይታይ በሰሌን ሸፈንሁት። መብራቱ አንዴ ባትሪው ውስጥ ከገባ የማያልቅ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን አምፖሎቹ ጠፉ። የሀምዱን ሚስት ፈዲላን «አጥሩን አሻግረሽ ሽቦ ስበሻል፤ መብራቴን ለእናትሽ ቤት ሰጥተሻል» አልኋት። ማለች፤ አላመንኋትም። ሀምዱም ለእኔ ብሎ ፈታት። ከሳምንት በኋላ ሰሌኑን ሳነሣ መብራቱ ተመለሰ። ለማንም አልተናገርሁም።

ስለዚህ ሰሌዳው የፈዲላ ይሁን። ወራሼ ስላልሆነች ኑዛዜ ይደርሳታል። ሼህ ሐሰንም ገምተው፣ በኑዛዜ ከሚፈቀደው ከሀብቴ ሲሶ አያልፍም ብለዋል። ሀምዱ አይንካው። ጠሃ ከመስመሩ ጋር ሊቀጥልላት ቢመጣ አስቀድሞ ቃሉን በጽሑፍ ይስጣት፤ ጽሑፉንም መሪጌታ ያንብቡላት።

ሀምዱ ይህን ሲሰማ «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያወቅሽ?» ብሎ ተነሥቶ ወጥቷል። ይህም ይጻፍ። ፈዲላ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብያታለሁ፤ አልመለሰችልኝም። አፉ ብትለኝም ባትለኝም ሰሌዳውን ትወስዳለች። ዝም በማለቷ ማንም አይጠይቃት።

ሰምተን፣ እሷም ስታነበው አይተን፣ የፈረምን ምስክሮች፦
ሼህ ሐሰን እንድሪስ
መሪጌታ አስረስ ኃይለ ሚካኤል
አቶ ወልዴ ታመነ
ጠሃ ሰይድ (ኋላ አልነበርሁም እንዳይል)

ዘሀራ ይመር፣ ጣቴን ሳይሆን ስሜን ያኖርሁ።