መንገድ ዳር የተሰቀለው ፎቶዬ

ውድ ልጄ፣ ከሰላምታዬ ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የምሠራበት ስፌት ፋብሪካ ሦስት ፎቅ ሆነልሽ! የእኔንም ፎቶ አሳድገው መንገድ ዳር ሰቀሉት፤ ከሥሩ «አብረን አደግን» ይላል። ዘበኛው ባየኝ ቁጥር፣ «እትዬ፣ እዚያ ላይ እኮ ወፈር ብለዋል!» እያለ ይቀልድብኛል። «ቦርድ ላይ ተሰቅሎ ማን ይከሳል?» አልኩት። ደመወዜ አንቺ ስትሄጂ እንደነበረው ነው፤ ከፋብሪካው ጋር ያደገው የቤት ኪራዩ ነው። ታክሲውንም ትቻለሁ፤ በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው አሉ።

«አገሩ አድጓል ሲሉ ሰማሁ፤ ልመለስ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። «ነይ» ብዬ እጽፍና ወረቀቱን እለውጣለሁ። እስቲ ትንሽ ቆዪ፣ የኔ ዓለም።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ናፋቂ እናትሽ