እስከ ልደታ ይጠብቁን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ዛሬም እምቢ አለ። የኮምፒውተር ቤቱ ይልማ የዲቪ ቁጥሬን አስገባ፣ ስሜን አስገባ፣ በወረቀት ጽፌ የሰጠሁትን የትውልድ ዓመቴን አስገባ፤ ገጹ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። “ገና ነው መሰለኝ፤ ወይም ኔትወርኩ ነው” አለኝ። መሰለኝ! ለዚህ “መሰለኝ” ነው እንግዲህ ከቤቴ እስከ አርብ ገበያ ሁለት ሰዓት በእግሬ የምኳትነው።

ዲቪ የሞላሁት በጥቅምት ነው፤ እዚያው ይልማ ቤት፣ ነጭ አንሶላ ፊት ፎቶ ተነስቼ። ውጤቱ ሰሞኑን ይወጣል ተብሏል። ዲግሪዬን ከያዝኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የሠራሁት ሥራ ማመልከቻ መጻፍ ብቻ ነው። ቢደርሰኝ እገላገል ነበር።

እግሬ ተላልጧል። ነገ አልሄድም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

አያ ሙላት በማለዳ መጡ። የአባዬ መቀናጆ ናቸው። እሳቸው አንድ በሬ አላቸው፣ እኛ አንድ በሬ፣ ወይኖ፤ ሁለቱን ጠምደው አንድ ቀን የእሳቸውን፣ አንድ ቀን የእኛን መሬት ያርሳሉ። እማዬ ካረፈች ጀምሮ የበላነው በዚህ ነው።

“እንዴት ነው ነገሩ?” አሉ አባዬን። “ወይኖን ትሸጡታላችሁ ወይስ እንደ አምናው እንቀናጃለን? ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ረጥቧል።”

አባዬ ወደ እኔ አዩ። ዲቪው ከደረሰኝ ለፓስፖርቱም ለምርመራውም ለቲኬቱም የሚሸጠው ወይኖ ነው። ሌላ የሚሸጥ የለንም።

“እስከ ልደታ ይጠብቁን” አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አባዬ አይደሉም።

“ልደታ ቅዳሜ ነው። ይሁን። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም የማበላቸው ልጆች አሉኝ” ብለው ሄዱ። አልተቆጡም። እኔ ነኝ የተናደድኩት። ምናለበት አንድ ሳምንት ቢታገሡ!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ከደረሰኝ፦
ፓስፖርት።
ወይኖ ይሸጣል።
መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን እኩል ይካፈለናል።
አባዬ ስማዳ ያለችው አክስቴ ዘንድ ይገባሉ፤ ብቻቸውን አይቀሩም።
ጎረቤታችን እትዬ አገር አፏን ትዘጋለች።

ካልደረሰኝ፦

ይህን ጽፌ እስኪሪብቶ ነክሼ ተቀመጥኩ። ምንም አልመጣልኝም። ሰው እንዴት ለአንዱ ብቻ ይዘጋጃል? እኔ ግን ተዘጋጅቼ ቁጭ ብያለሁ።

እትዬ አገር ምንጭ ወርጄ ሳገኛት “አሜሪካ፣ እዚያም እንስራ አለ እንዴ?” ብላ ሳቀች። “የለም፤ ወሬኛም የለም” አልኳት። ጥሩ አድርጌ መለስኩላት፣ ግን ቤት እስክገባ ደሜ ሲፈላ ነበር።

ከማዶ ሰው ሁሉ እያረሰ ነው። የጅራፉ ጩኸት እስከ ደጃችን ይሰማል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

ገበያ። አባዬ ባቄላ ይዘው ወጡ፣ እኔ ይልማ ቤት። ሰልፉ እስከ በር ነበር። ከፊቴ የነበረው አስተማሪ አይቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና ወጣ። ምን እንዳለው መጠየቅ አልፈለግሁም።

የእኔ አሁንም ያው ቀይ። ይልማ ቀና ብሎም አላየኝ፤ “ያንቺ አልገባም፣ ገና ነው” አለ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። “ገና” ማለት እኮ “አልደረሰሽም” ማለት አይደለም።

ስንመለስ አባዬ ከፊት ከፊት ሄዱ። ቁልቁለቱ ላይ ብቻ “ምን አለ?” ብለው ጠየቁ።

“ገና አልወጣም።”

“እሺ” አሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮውን ይዞ ዋርካው ሥር ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ እትዬ አገር “ለየሺም መርቁላት እንጂ!” አለች። መረቁኝ። “መንገድሽን ያቅናው፣ ባሕሩን ያሻግርሽ!” አሜን ሲባል የምገባበት ጠፋኝ።

አያ ሙላት ሰው እስኪበተን ጠብቀው መጡ። “እህሳ?”

አባዬ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ተንተባተብኩ። “አልወጣም፣ አያ ሙላት። ትንሽ ቀን...”

“እሺ ልጄ” ብለው የዝንብ ጭራቸውን አንስተው ሄዱ። ያቺ “እሺ” አላማረችኝም። አባዬን “ይቆጣሉ ይሆን?” ብላቸው “ሰው ናቸው” ብቻ አሉኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ንፋስ መውጫ ሄድኩ። እዚያ ኔትወርኩ ይሻላል ብዬ ነው። ኮምፒውተር ቤት ያለችው ሴት የትውልድ ዓመቴን አይታ “ይሄ በእኛ አይደል? ስትሞዪ በፈረንጅ ተቀይሮ ይሆናላ” አለችኝ። በጣቷ ቆጥራ ስምንት ጨመረችበት። ወዲያው ተከፈተ።

አልተመረጥሽም። ሁለት መስመር እንግሊዝኛ።

“ውጤቱ መቼ ነው የወጣው?” አልኳት።

“ኧረ ሳምንት አለፈው እኮ!”

ባለ ዲግሪ! ጥቅምት ላይ ይልማ ዓመቴን ወደ ፈረንጅ ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከቀበሌ መታወቂያዬ ላይ ገልብጬ እየሰጠሁት “ገና ነው” እላለሁ። እሱ የሰጠሁትን ነው የጻፈው፤ በምን አፌ እወቅሰዋለሁ? ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሐዘን መስሏቸው “አይዞሽ፣ ነፍስ ይማር” አሉኝ። አሜን አልኳቸው።

ወደ ቤት ስወርድ አያ ሙላት ሲያርሱ አየኋቸው። በሬያቸው ከአማቻቸው ከበላይ በሬ ጋር ተጠምዷል።

ለአባዬ አልነገርኩም። አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ጠዋት ነገርኳቸው። ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። “አባዬ፣ አልደረሰኝም። ከወጣም ሰንብቷል” አልኩ።

“አውቃለሁ” አሉ። “ዓርብ ገበያ ላይ አስተማሪው ነግሮኛል። የሁሉም ወጥቷል አለኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?” ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮሄባቸው አላውቅም።

“‘ገና አልወጣም’ ስትዪኝ እያወቅሽ የምትደብቂ መሰለኝ። አፍራ ነው፣ ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቅ አልኩ።”

እሳቸው እኔን ሲጠብቁ፣ እኔ ኮምፒውተሩን ስጠብቅ፣ የእርሻው ወቅት አልጠበቀንም። አባቴ እኔን ላለማሳፈር ብለው መቀናጇቸውን አጡ።

ረፋድ ላይ አያ ሙላት እርሻ ድረስ ሄድኩ። ሞፈራቸውን አቆሙልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የዓመቱን ስህተት ሳይቀር። አልሳቁብኝም። “ለበላይ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ፤ አላፈርሰውም። ከፈለጋችሁ ግን መሬቱን ለእኩል ስጡኝ፣ ሳይመሽበት ልረሰው። ዘሩን ከእናንተ” አሉ።

የምርታችን ግማሽ ማለት ነው። አባዬን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። እምቢ ብል መሬቱ ጦም ያድራል።

አባዬ ሲሰሙ “በሬ እያለኝ መሬቴን ለእኩል!” አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ የዘሩን ጆንያ አወረዱ፤ ስንዴውን አብረን ለቀምን።

“በጥቅምትስ ትሞያለሽ?” አሉኝ በመጨረሻ።

“እንጃ” አልኳቸው።

“ሙዪ። እኔ ግን በሬዬን ጠምጄ ነው የምጠብቅሽ” አሉና ወደ ስንዴው ተመለሱ።