የዛፉ ቁርጭምጭሚት

ስሚ! ስሚ! የሰማሽ ላልሰማው አሰሚ! እኔ አያትሽ፣ በማውንት ቤከር ሰፈር የጓሮ በር አዛዥ፣ የቆሻሻ ባልዲ ጠባቂ፣ የሚከተለውን አዋጅ አውጥቻለሁ። የጎረቤታችን የጥሩብርሃን ድመት ትናንት ከምሳ በኋላ ዛፋችን ላይ ወጥታ፣ ማንም ሳይለምናት፣ መሰላል ሳይቆምላት፣ በገዛ እግሯ ወርዳለች። ይህም በመላው ሲያትል፣ አንቺ ባለሽበት በሂውስተንም ጭምር፣ ይታወቅ።

አዋጁ አለቀ። አሁን ሰላምታ።

የልጅ ልጄ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ልጅሽ ጥርስ ማውጣቱን ቀጠለ? እሱ ሲያወጣ እኔ እየጣልኩ ነው፤ በቤተሰባችን የጥርስ ቁጥር አልጎደለም። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሲመጣ ከስልኩ ቀድሞ ይነግረኛል። እናትሽ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። አንዳንዴም ትስቃለች። ከአባትሽ ሞት ወዲህ ይሄ ብዙ ነው።

ፊደል ሳስቆጥርሽ የምንጫወታት ጨዋታ ትዝ ትልሻለች? እኔ አንድ ታሪክ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ውስጡ ያለችውን አንዲት ውሸት ታወጫለሽ። እዚህም ውስጥ አንዲት አለች። ፈልጊ።

ለፋሲካ የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። አዲሱ ቤትሽ፣ ከፊቱ ያ ኦክ የሚሉት ግዙፍ ዛፍ፣ ቅርንጫፉ ጣሪያው ላይ ጫጩት እንዳቀፈች ዶሮ ክንፍ ተዘርግቷል። ግንዱን ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረሽ፣ እስከ ጉልበት አፈር ሞልተሽ፣ አበባ ተክለሽ፣ ልጅሽን ታቅፈሽ ተቀምጠሻል። ከሥሩ «ልክ እንደ አባዬ መደብ» ብለሽ በፊደል ጽፈሻል። «ደ» ትንሽ ጠጥታ የወጣች ትመስላለች እንጂ አስተማሪሽ ኮርቷል።

ከዚያ ግን መልስ ሳልሰጥሽ ከረምኩ። በደወልሽ ቁጥር ስለ ዝናብ አወራሁሽ። ፊትሽን እያየሁ ልናገረው ስላልቻልኩ ነው በወረቀት የመጣሁት።

አባትሽ መደቡን ለምን እንደሠራው ታውቂያለሽ። እኔ ከደሴ በመጣሁ ሰሞን የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ሜፕል የሚሉት የጓሯችን ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሣሩ ርሶ ነበርና የወንበሩ እግር ሰመጠ፤ እኔም ከነባርኔጣዬ ተገለበጥኩ። አንቺ መሬት እየመታሽ ሳቅሽ፤ እስካሁን ይቅር አላልኩሽም። አባትሽ ግን አልሳቀም። ከኤርፖርት ሥራው ሲወጣ፣ ዴ ሞይን የሚባል ሰፈር ከፈረሰ አጥር ድንጋይ እየጫነ ያመጣ ጀመር፣ የመኪናዋ ኋላ መሬት እየሳመ። ደረደረው፣ አፈር ሞላበት፣ በእግሩ ደለደለው፣ እኔን እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። አንቺን ፊደል ያስቆጠርኩሽ እዚያ ነው። እሱ ሲሞትም ለቀስተኛው የተቀመጠው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ እናትሽ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ሻይዋን ይዛ እዚያው ትቀመጥ ነበር፣ እጇን አንድ ድንጋይ ላይ አሳርፋ። ሁልጊዜ ያንኑ ድንጋይ።

ባለፈው መስከረም ይቺው ድመት ወጥታ አልወርድም አለች። ጥሩብርሃን ከታች ሆና ልጄን፣ ልጄን እያለች ስትጮህ ሰፈሩ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ። መጨረሻ ላይ ሚኪኤላን ጠራናት። ኦቴሎ ሰፈር በርበሬ የሚሸጠው የኣስገዶም ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ብልካት ዛፍ ላይ ወጣችብኝ እያለ የሚያማርርባት። የዛፍ ሐኪም ናት። በገመድ ወጥታ ድመቷን በከረጢት ይዛ ወረደች። ኣስገዶም ሚዛን ላይ፣ አንቺ ገመድ ላይ፣ እናንተ ቤት መሬት የሚረግጥ ሰው የለም ወይ ብላት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ መደቡን አየችና ሳቋን አቆመች።

አቦይ፣ ይሄን ማን ሠራው አለችኝ። ልጄ አልኳት። ሶሪ አለች፤ ቀብሩ ላይ ነበረች። ተንበርክካ ጥቂት ድንጋይ አነሣችና አፈሩን በእጇ ጫረችው። ከውስጥ ያለው ቅርፊት ውኃ እንደነካው ዳቦ ተላላጠ። ዛፍ ከመሬት ሲነሣ እንደ ቀሚስ ጫፍ ሰፋ ብሎ ነው፣ ቁርጭምጭሚቱ መታየት አለበት፣ ይሄ ግን ተቀብሮ ብሪዝ ማድረግ፣ መተንፈስ ማለቷ ነው፣ አልቻለም አለችኝ። ሥሮቹ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ወጥተው የገዛ ግንዳቸውን ጠምጥመው ያንቁታል። እኔ፣ ያው ታውቂኛለሽ፣ ሱሪ አሳጥሮ ቁርጭምጭሚት ማሳየት የዘንድሮ ጎረምሳ ፋሽን መስሎኝ ነበር፣ ዛፉም ጀመረ እንዴ አልኳት። አልሳቀችም። ወደ ላይ ጠቆመችኝ። ጫፉ በነሐሴ ሙቀት ደርቋል፤ እኔ ደግሞ ዛፉም እንደኔ መላጣ ሆነ እያልኩ ስቀልድ ነበር የከረምኩት። አፈሩ ካልተነሣ በኅዳር ንፋስ ይሄ ዛፍ የሚተኛው ቤቱ ላይ ነው፣ አቦይ፣ አይም ሲሪየስ አለችኝ። ዛፉ የሚያየው የእናትሽን መኝታ ቤት ነው።

እራት ላይ ለእናትሽ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዛፉ ይቆረጥ፣ መደቡ አይነካም አለች። ዛፍ የሌለው መደብ ምን ይሆናል ብላት፣ አባባ፣ እጁ ያረፈበት ሌላ ምን ቀረኝ አለችኝ። እኔም በልቤ ከሷ ጋር ነበርኩ።

ጥቅምት ገባ። ሚኪኤላ ደጋግማ ኮል ታደርጋለች፤ እኔ ስልኩን እያየሁ አላነሣም። አንድ ጠዋት እናትሽ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ ከጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልጄ መደቡን የጨረሰ ቀን እጁን እየታጠበ የነገረኝ ነገር አለ አልኳት። አባባ፣ ይሄ ለእርስዎ ጉልበት ነው እንጂ ለዘላለም አይደለም፤ ዛፉን ካስቸገረው አፍርሱት፣ ድንጋይ ሌላ ቦታም ይደረደራል፣ ብሎኝ ነበር አልኳት።

 ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ፣ አዎ፣ ለኔም እንዲሁ ብሎኛል አለች። ተነሥታም ያንን እጇን የምታሳርፍበትን ድንጋይ ራሷ አነሣችው።

ድንጋዩን በእጅ፣ አፈሩን በትንሽ መጥረጊያ አነሣን፤ አካፋ ሥሩን ያቆስለዋል። ሚኪኤላ አናቂዎቹን ሥሮች በትንሽ መጋዝ ቆረጠች፣ ሁሉንም ባንዴ ሳይሆን ከፊሉን። ድንጋዮቹን አጥሩ ሥር ደረደርናቸው። እናትሽ አሁን ሻይዋን እዚያ ትጠጣለች፣ ዛፉን ፊት ለፊት እያየች። መደቡን አሳየኝ ባልሽኝ ቁጥር ስልኩ ቻርጅ የሚጨርሰው ለዚህ ነበር።

የኅዳር ንፋስ መጣ። መብራት ጠፋ። እኔና እናትሽ ሳሎን ተቀምጠን ዛፉ ሲያቃስት ሰማነው። አንድ ቅርንጫፍ የጥሩብርሃንን አጥር ሰበረ፤ ዛፉ ግን ቆመ። ዘንድሮ ቅጠል አውጥቷል፣ ባንድ ጎኑ ብቻ። ሌላው ጎኑ ባዶ ነው። ሚኪኤላ ይተርፋልም አይተርፍምም አላለች። በዚህ ዕድሜ ምንም ማለት አይቻልም አለች፤ ይህን ስትል ለምን እኔን እንዳየችኝ አላውቅም።

የኔ እናት፣ ሰኔ ሲገባ የናንተ ባሕር በማዕበልና በንፋስ ይቆጣል። የልጅሽ መኝታ ቤት በዛፉ በኩል መሆኑን ፎቶው ላይ አይቻለሁ፤ መስኮቱ ላይ የጨርቅ ዝሆን ተቀምጧል። አፈር የሚለብሰው የሞተ ነው፤ ያንቺ ኦክ ገና በሕይወት አለ። አውልቂለት። በእጅሽ እየጫርሽ ቁርጭምጭሚቱ እስኪታይ አርቂው። በምትኩ የተፈጨ እንጨት አልብሺው፤ ስስና ሰፊ ይሁን፣ ግንዱን ግን አይንካ። በሙቀቱ ከግንዱ ራቅ አድርገሽ ውኃውን ቀስ ብሎ ጠልቆ እንዲገባ አጠጪው። የደረቀና የተሰነጠቀ ቅርንጫፍ ካለ፣ ዛፍ የሚያውቅ ሰው ከማዕበሉ በፊት ይቁረጥልሽ። በር አንኳኩቶ አናቱን ልመልምልልሽ የሚል ከመጣ ግን ውሻ ልቀቂበት፤ ውሻ ከሌለሽ የኔን ፎቶግራፍ አሳዪው። አናቱን ያጣ ዛፍ የሚያበቅለው በትንሽ ንፋስ የሚገነጠል ቅርንጫፍ ነው።

ስታፈርሺው ታለቅሻለሽ። እኛም አልቅሰናል። አልቅሺ፣ ግን እጅሽ አይቁም።

እግዚአብሔር ጣሪያሽን ከንፋስ፣ ልጅሽን ከክፉ ሁሉ ይሰውርልኝ። ጥርሱ ይጠንክር፣ አንደበቱ በአማርኛ ይፈታ። አንቺንም ሥር ይስጥሽ፣ የሚተነፍስ ሥር። ቅጠሉ ሳይረግፍ መጥተሽ እዪኝ፤ ዛፉን ማለቴ ነው።

በድመትና በዛፍ መካከል የሚኖረው
አያትሽ

ውሸቷን አገኘሻት? ድመቷ ናት ካልሽ ተሸነፍሽ፤ በእግሯ ወርዳለች፣ ጥሩብርሃን ምስክሬ ናት። የፈጠርኩት አባትሽ አለ ያልኩትን ነው። ያን ቀን እጁን እየታጠበ የጠየቀኝ፣ አባባ፣ ተመቸዎት ወይ፣ ብቻ ነው። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።